የወጥ ቤቴ ግማሽ ወለል

የወጥ ቤቴ ወለል ግማሹ ሴራሚክ፣ ግማሹ ባዶ ሲሚንቶ ሆኖ ዓመት ከአራት ወር ቆየ። ያነጠፈው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰፈርተኛው በግንበኛ የደረጃ መለኪያ ስም «ውሃልክ» ይለዋል፤ ሰው ቤት ሲገባ ከባለቤቱ በፊት ወለሉን ነው የሚያየው። እኔ ግን ተናድጄም ቢሆን ወንድም ጋሼ ነው የምለው።

ሥራውን ያስቆመው ቃር ነው። ወንድሜ በጣም ወፍራም ነው። ባጎነበሰ ቁጥር አሲዱ ከጨጓራው ወደ ጉሮሮው እየወጣ ደረቱን ያቃጥለዋል፤ ሴራሚክ ደግሞ ቆሞ አይነጠፍም። ኪኒን ከኪሱ አልጠፋ አለ። በመጨረሻ ከወጥ ቤቴ መሃል ደረቱን ይዞ ተነሣና ነገ እጨርሰዋለሁ ብሎኝ ሄደ። ሌላ ባለሙያ ልጥራ ስለው አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ በሄድኩ ቁጥር ሥራ ፈትቶ ከሳሎን በር፣ ከበር ሳሎን ሲመላለስ እያየሁት እኔም መቀመጥ አቃተኝ።

ጎትቼ ሆስፒታል ወሰድኩት። ቀዶ ሐኪሟ ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። በእሱ ክብደት የጨጓራውን አፍ ብቻ ቢያጠብቁት ተመልሶ ሊላላ እንደሚችል፣ ጨጓራውን አሳንሰው በሌላ መንገድ ከአንጀቱ ጋር ቢያገናኙት ግን አሲዱም ክብደቱም እንደሚቀንስለት ነገረችን። ሆዱ አይከፈትም፤ አምስት ትንንሽ ቀዳዳ ይበቃል፣ ውስጡ በካሜራ ይታያል አለች።

ወንድሜ ፊቱ ጠቆረ። እሱ የተበላሸ ወለል ይነሣል እንጂ በቀዳዳ አይጠገንም ባይ ነው። ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር። ጥሎኝ ሊወጣ ነው ብዬ ኮቱን ያዝኩት። ሐኪሟ ግን አልጋው ላይ አስተኛችውና ሆዱን በጣቷ መታ መታ እያደረገች አዳመጠች።

«ዶክተር፣ ድምፁን ነው የሚሰሙት?» አላት።

«አዎ። ባዶውና ሙሉው ድምፁ ይለያል።»

ወንድሜም ሥራው ይኸው ነው። ሴራሚክ ከሥሩ ባዶ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጎ ነው። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ቀኑ መቼ ነው አለ።

ከቀዶው በፊት ጨጓራውን የሚጋርደው ጉበቱ እንዲቀንስ ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ ታዘዘለት። በቀን አምስቴ እየደወለ ስልኬን እረፍት ነሣው፤ አንዴማ በደንብ ከታኘከ ድንችም ፈሳሽ አይሆንም ወይ ብሎኛል። በቀዶው ቀን ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ ዋልኩ። ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ ያለኝ እሱ ነው። ፈራሁ፣ ምን ይደበቃል።

በሰላም ወጣ። ስድስት ሳምንት እንዳያጎነብስ፣ ከባድም እንዳያነሣ ተነገረው። ስድስቱ ሳምንት አልቆ ሐኪሟ ስትፈቅድለት ግን ወንድሜ ሰበብ መፈለግ ጀመረ። አንድ ቀን ዝናብ ነው፣ ሌላ ቀን ጫማው ነው። ገባኝ። ጎንበስ ብሎ ያ ማቃጠል ከመጣ ሌላ የሚሞከር ነገር አልቀረም፤ ሥራውም አለቀ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሳይደውል የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ መጣ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ ወጥ ቤት ገባ፣ ተንበረከከ፣ አጎነበሰ። በር ላይ ቆሜ እጁ ወደ ደረቱ እስኪሄድ ጠበቅኩ። አልሄደም። ይልቅ በመዶሻው እጀታ ያኔ መጨረሻ ያነጠፈውን ሴራሚክ መታ፣ ቀጥሎ ያለውን እያለ ሁሉንም መታ፣ ጆሮውን ወደ ወለሉ አስጠጋ።

«ይሄ ሁሉ ባዶ ነው» አለኝ ቀና ሳይል። «ያኔ እያቃጠለኝ ሁሉንም ተቻኩዬ ነው የለጠፍኩት። አውቀው ነበር እኮ። ሰላም የነሣኝ ቃሩ ብቻ አልነበረም።»

መንቀል ጀመረ። አንድ ጊዜ እንኳ ደረቱን ሳይይዝ፣ ቀትር ሳይሆን ሁሉንም ነቅሎ ጨረሰ። ግማሽ ወለል ነበረኝ፤ አሁን እሱም የለኝም። አቧራው ውስጥ ቁጭ ብዬ ከደስታ ብዛት አለቀስኩ። እሱ እንዳጎነበሰ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ምን ታለቅሻለሽ፣ ሲሚንቶውን አቀብዪኝ አለኝ።