አንድ ፉደር ስንት ፉደር ያወጣል

ጊዜላ ቲለን ባሏ ሲሞት ቆማ አየች ይላሉ። በመጀመሪያ ደረጃ ባሏ አልሞተም። ደግሞም ቆማ አልነበረም፤ ተቀምጣ ነበር፣ ያውም አማቷ ጀርባ ላይ። ለተቀማጭ ሰማይ ቅርቡ ነውና ወንዝ ዳር መጠጥ ቤት ተቀምጦ የሚያወራው ሁሉ ደሜን ያፈላዋል። እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ጊዜላ የከተማ ልጅ ናት። ትሪር ከተማ ውስጥ ለመጠጥ ቤቶች ቢራውን ከበርሜል ገፍቶ የሚያወጣውን ጋዝ ትሸጣለች። ጋዙ የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ ገዢው ግን «ስንት ሊትር ይወጣዋል?» እያለ ነው የሚጨቀጭቃት። አንድ ኪሎ አምስት መቶ ሊትር ግድም ነው። ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋትም አትስተውም።

ወይን ሲፈላ የሚወጣውም ያው ጋዝ ነው። ነገሩ በሆነበት ጥቅምት በባሏ ቤተሰብ ምድር ቤት ውስጥ አምስት ፉደር ወይን ይፈላ ነበር፤ ፉደር የምንለው ባለ ሺህ ሊትሩን በርሜል ነው። ጎረቤት ነኝና አንድ ቀን እራት ላይ አብሬያቸው ነበርኩ።

«በአንዱ ፉደር ውስጥ ሁለት መቶ ኪሎ ስኳር አለ» አለች ጊዜላ። «ግማሹ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ መቶ ኪሎ። መቶ ኪሎ ጋዝ ማለት ሃምሳ ሺህ ሊትር ነው። አንዱ ፉደር ሃምሳ ፉደር ጋዝ ያወጣል፣ አባዬ። ምድር ቤቱ ደግሞ መቶ ፉደር እንኳ አይዝም፤ ጋዙ አየሩን ገፍቶ ሰው ያፍናል።»

አማቷ አሎይስ ድንቹን እየላጠ ሳቀ። «ነፋስ በኪሎ። ነገ ደግሞ ትንፋሼን መዝነሽ ታስከፍይኛለሽ።»

«ይሳቁ። ጋዙን የሚያስወጣ ማራገቢያ ይገዛ ብቻ።»

«ሻማ አለን አይደል» አለ ባሏ ኡርባን። «ከበራ ትገቢያለሽ፣ ከጠፋ ትወጫለሽ። አያቴ በዚህ ነው ያረጀው።»

«ሰው ከሻማው በፊት ሊወድቅ ይችላል፣ ኡርባን።»

ማራገቢያው ሳይገዛ ቀረ። በዚያው ሳምንት አንድ ከሰዓት ኡርባን ሻማውን ይዞ ወረደ። እኛ ግቢ ውስጥ ቅርጫት እያጠብን ነበር፤ ግው የሚል ድምፅ ሰማን። ከደረጃው አናት ስናይ ሻማው በርሜል ላይ ይበራል፣ ኡርባን ግን ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ታች ነው የሚተኛው። የሆነ ነገር ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ይሆናል።

አሎይስ ወደ ደረጃው ሮጠ። ጊዜላ ከኋላ ወገቡን ይዛ ጣለችውና ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«ልቀቂኝ፣ ልጄ ነው።»

«ባሌም ነው። እርስዎ ከወረዱ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው።»

«ገዳይ» አላትና እጇን ነከሳት። ደሟ ድንጋዩ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። አልተነሳችም።

ወደ እኔ ዞረች። «እሳት አደጋ ጥራ። ከዚያ፣ በታች በኩል ዞረህ ምድር ቤቱ ወደ መንገድ የሚወጣበትን በር ክፈት። እንደከፈትክ ዘወር በል፣ እንዳትገባ። ጋዙ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል።»

ደውዬ፣ በሩን ከፍቼ ስመለስ «ኡርባን፣ ኡርባን» እያለች ትጣራለች። ከታች ማንኮራፋት የሚመስል ትንፋሽ ይሰማል፤ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። በጠፋ ቁጥር ሰውነቷ ወደ ደረጃው ይሳባል፣ መልሳ ራሷን ትገታለች። የእኔም እግር ሊወርድ ዳዳው፤ ዓይኗን ሳይ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አሎይስ እርግማኑን ትቶ ማልቀስ ጀመረ፤ እሷም ከላዩ ሳትነሳ አብራው አለቀሰች።

የእሳት አደጋ ሰዎች አየር በጀርባቸው አዝለው ወርደው አወጡት። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ግን ነፍስ ነበረው።

ሐኪም ቤት ልጠይቀው ስሄድ ጊዜላ የታሸገ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ያመጣሁትን ብርቱካን አስቀምጬ ልወጣ ስል ኡርባን ወደ ግድግዳው እንደዞረ ተናገረ።

«ስትጠሪኝ ሰምቼሻለሁ። ልክ ነሽ፣ ብትወርጂ ትሞቺ ነበር። ግን ሰምቼሻለሁ። አልመጣሽም።»

«እኔም ስትተነፍስ ሰምቼሃለሁ» አለችው።