እርጥቡ ጨርቅ

አጎቴ ወደ ደቡብ ዋልታ በሚሄድ የምርምር መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበሩ። መርከቡ ሲናወጥ ሳህኑ እንዳይንሸራተት ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ጨርቅ ያነጥፉ ነበር። ጡረታ ወጥተው አርችዌይ የሚባለው ሰፈር ፍላታቸው ውስጥ ከተቀመጡም በኋላ ልማዱን አልተዉም። ስንስቅባቸው፣ "ባሕር መጣሁ ብሎ አይመጣም፣ ልጄ" ይሉኝ ነበር።

ትናንት ለቅሷቸው ላይ፣ ያ ሲስቅባቸው የኖረ ዘመድ ሁሉ "ታላቁ ሳይንቲስት" እያለ ሲያለቅስ ዋለ። ሳይንቲስት! እሳቸው እዚያ በረዶ መሀል ሾርባ ነው የሠሩት፤ እሱም ያኮራቸው ነበር። አስጠሉኝ። ኪችን ገብቼ ጨርቁን አረጠብኩና ጠረጴዛው ላይ፣ እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ቦታ አነጠፍኩት።

"እንደኔ የሚያውቃቸው የለም" ስትል የዋለችው የአክስቴ ልጅ መጥታ፣ "ማነው እዚህ ውሃ የደፋው?" ብላ ጨርቁን ቆሻሻ መጣያው ቢን ውስጥ ጣለችው።