ቧንቧውን ማን ይዘጋል

ተከራዮቹ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ቆጣሪው»። አልዋሹም። ጠዋት ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ በሩ አጠገብ ያለውን የውኃ ቆጣሪ ጎንበስ ብሎ ካላየ ቀኑ ቀን አይሆንለትም። የኪራይ ክፍሎቹን የሠራው በገዛ እጁ ነው፤ አምፖል የሚቀይረው፣ የጣሪያ ቀዳዳ የሚደፍነው፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ጎማ የሚለውጠውም ራሱ ነው። ለግቢው ሁሉ ያለው ግን አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው፤ ሒሳቡ ሲመጣ ለየቤቱ ማካፈል ደግሞ ጠብ መጥራት ነው።

በዚህ ዓመት የውኃው ሒሳብ አበጠ። መጸዳጃ ቤቶቹን ፈተሸ። መሬት ቆፍሮ ቱቦውን አየ፤ ምንም የሚያፈስ ነገር የለም። እንግዲህ የቀረው ሰው ነው፤ ሰው ከተባለ ደግሞ ከፀጉር ሠሪዋ ወዲያ ማን አለ? የጓሮዋን ክፍል ተከራይታ እዚያው ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ፀጉር ስታጥብ ትውላለች።

«ልጄ፣ ቤቴን ወንዝ አደረግሽው እኮ!» አላት።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ በባልዲ ለክቼ ነው የምጠቀመው። ይልቅ እትዬን ቀን ቀን ብቻቸውን...»

«ሚስቴን እዚህ ውስጥ አታግቢያት!»

ሚስቱና ፀጉር ሠሪዋ እናትና ልጅ ሆነው ነበር። ልጅቷ በሚስቱ በኩል ልታስለምነው ነው ብሎ ጠረጠረ፤ እሱ ደግሞ አንዴ እልህ ከያዘው አይመለስም። ልቀቂ አላት።

ዕቃዋን አስጭና ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች። «እሺ ጋሼ፣ እኔስ ሄድኩ። ቧንቧውን ማን ሊዘጋው ነው?»

ይባስ ብላ ታሾፍብኛለች አለ በሆዱ። ሚስቱ በረንዳው ላይ ቆማ አለቀሰች። እራት ላይ ደግሞ «ያቺ ልጅ የት ሄዳ ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ ነገራት። ሳህኖቹ ሳይነሱ መልሳ ጠየቀችው። ሰሞኑን እንዲህ ናት። ባለፈው ሻይ ውስጥ ጨው ጨምራ አብረው ስቀው ነበር። እርጅና ነው ብሎ አለፈው።

የሚቀጥለው ሒሳብ ሲመጣ ዓይኑን ማመን አቃተው። የፀጉር ሠሪዋ ክፍል ባዶውን ተቀምጦ ሒሳቡ ጭራሽ ጨምሯል! በማግሥቱ ከቤት አልወጣም። ተከራዮቹ ሁሉ ወደ ሥራቸው እስኪሄዱ ጠብቆ ቆጣሪው ሥር ቁጢጥ አለ። ትንሿ መንኮራኩር ትሽከረከራለች።

«ያዝኩህ!» አለ፤ ማንን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። የውኃውን ድምፅ እየተከተለ ወደ ጓሮ ዞረ።

ሚስቱ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ ቆማለች። ገንዳው ውስጥ ልብስ የለም። ቧንቧው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ውኃው ዝም ብሎ ወደ ፍሳሹ ይወርዳል፤ እሷም ዝም ብላ ታየዋለች። ከገንዳው በላይ የፀጉር ሠሪዋ መስኮት ተዘግቷል። ያን ጊዜ ገባው። ልጅቷ በዚያ መስኮት እያየች ስንት ጊዜ ወጥታ ዘግታላት ይሆን? ስታሾፍበት አልነበረም፤ ከልቧ መጠየቋ ነበር። እሱ ደግሞ አላስጨረሳትም።

እጁን ሰዶ ቧንቧውን ዘጋው። ሚስቱ ደንግጣ ቀና አለች፤ አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ አይታው በማታውቀው ዓይን አየችው። ወደ ዋናው ቤት ገልመጥ አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች።

«ወንድሜ፣ በሞቴ እንዳትነግርብኝ። አከራያችን ውኃ ሲፈስ አይወድም፤ ክፉ ነው። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ እሷንም አባረረብኝ።»

እኔ ነኝ ሊላት አፉን ከፈተ። ግን እጆቿን አያቸው፤ እንደረጠቡ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል። እንባው እየወረደ፣ እርጥብ እጇን ይዞ በሸሚዙ ጫፍ አደረቀላት።

«አልነግርብዎትም፣ እትዬ» አላት።