ሙሉነሽ ያቆመችው ግድግዳ

የጦር ሠራዊት ጋራዥ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ የሞተር ዕቃ በናፍጣ ማጠብ ነበር። ከማሠልጠኛ ወጥቼ መካኒክ ተብዬ ስመደብ ጢሜ ገና አላቀመቀመም። አለቃዬ ሃምሳ አለቃ ደምሴ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «የት ነው የተማርከው?» አሉኝ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ስም ስጠራላቸው ሳቁ። «ጥሩ። እዚህ ደግሞ ከማጠብ ነው የሚጀመረው» ብለው በርሜሉን አመለከቱኝ። እስከ ማታ ፒስተን፣ ቫልቭና ቡሎን ሳጥብ ዋልኩ። ለሳምንት ያህል የምበላው እንጀራ ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ አለኝ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ብዙም አልቆየም ነበር። ጋራዡ አዲስ አበባ ውስጥ ስለነበረ ተረኛ ካልሆንኩ ወደ ፒያሳ እወጣለሁ። ሙሉነሽን ያገኘኋት እዚያ ነው። ልብስ ሰፊ ቤት ትሠራ ነበር። የደንብ ልብሴን ሱሪ ላሳጥር ገባሁ።

«ያንተ ነው ወይስ የታላቅ ወንድምህ?» አለችኝ።

«የመንግሥት ነው።»

«መንግሥት ረጅም ነው ማለት ነው» ብላ ሜትሯን ዘረጋች። የአራዳ ልጅ ናት፤ መልስ አያጥራትም። ሱሪው ካለቀ በኋላም ሰበብ እየፈለግሁ ተመላለስኩ።

ስንጋባ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በሚወርደው ሰፈር፣ አባቷ ትተውላት ባለፉት ቤት ገባን። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ትርፍ ቤት ሲወረስ ሌላ መኖሪያ ስላልነበራት እሱ ቀረላት። የጓሮው ግድግዳ ግን ምስጥ ቋሚዎቹን በልቷቸው ወደ ውጭ አዘንብሏል። «ይሄ ክረምቱን ያልፋል?» ብዬ ጠየቅኋት። «አባቴም በየዓመቱ እንዲህ እያለ ነው የሞተው» አለችኝ። አፍርሼ፣ ትንሽ ወደ ጓሮ ገፍቼ፣ ሦስተኛ ክፍል አወጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

ልጃችን ሰናይት ገና ጡት ሳትጥል የጦር ክፍላችን ወደ ሰሜን ተንቀሳቀሰ።

የግንባር ጋራዥ ጣሪያ የለውም። ሸራ ወጥረን ነው የምንሠራው። ካሚዮኖቹ ከዳገቱ ይመጣሉ፤ አንዱ ፍሬኑ ነዶ፣ አንዱ ራዲያተሩ ተበስቶ፣ አንዱ በሌላ ተጎትቶ። የእኔ ድርሻ የናፍጣ ፖምፓ ነበር፤ ነዳጁን እየመጠነ ወደ ሞተሩ የሚልከው ዕቃ ነው። ብልቱ ጥቃቅን ነው፤ አቧራ ከገባበት አለቀለት። ስለዚህ ፖምፓ ስፈታ ጓደኞቼ ብርድ ልብስ ዘርግተው ከነፋስ ይከልሉኝ ነበር። ብርድ ልብስ ሥር አጎንብሼ፣ ካቻቢቴ ይዤ፣ የወጣትነቴ ብዙው ክፍል አለፈ። በሥራው ጎበዝ ሆንኩ፣ አሥር አለቃም ተባልኩ።

የመጀመሪያውን ፈቃድ ሳገኝ ሰናይት ድክ ድክ ትል ነበር። ሻንጣዬን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ጎረቤታችን ጋሼ ሽኩር አትክልት ተራ ሽንኩርት በጅምላ የሚሸጡ የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ጋሪያቸውን አዋሱኝና ባህር ዛፍ አስጫንኩ። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ከሩቅ ታየኛለች።

«እስቲ ቁጭ በል፤ ትልመድህ» አለችኝ ሙሉነሽ።

«ግድግዳው ይቅደም። ዝናቡ ደርሷል» አልኳት።

አሮጌውን አፈረስኩ። ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ቋሚዎቹን ተከልኩ፣ ማገሩን መታሁ። ጭቃው ተቦክቶ፣ ጭዱ ተዘጋጅቶ፣ በማግስቱ ምርጊት ልጀምር ስል አንድ ወታደር በሩ ላይ ቆመ። «ፈቃድ ተሰርዟል፣ አሥር አለቃ። ሁሉም ወደ ክፍሉ» አለኝ። ጋሼ ሽኩር ሽንኩርት የሚሸፍኑበትን ሸራ አምጥተው ማገሩ ላይ ወጠሩልን። ጎኑ የተከፈተ ቤት፣ ያልለመደችኝ ልጅ ትቼ ወጣሁ።

ያን ክረምት ሰሜንም ዘነበ። ሸራው ላይ ዝናብ በወረደ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው። በመጨረሻ የክፍላችን አዛዥ ሻምበል ዘንድ ቀረብኩ።

«ጌታዬ፣ ቤቴን ጎኑን ከፍቼ ነው የመጣሁት። ግድግዳውን ለመምረግ ጥቂት ቀን ቢሰጠኝ።»

ሻምበሉ ክፉ ሰው አልነበረም። እንቅልፍ ያጣ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገና፣ «ፖምፓ ሌላ ማን ይፈታል?» አለኝ።

«ከእኔ ሌላ ለጊዜው…»

«ራስህ መለስክልኝ እኮ» አለ።

ሰላምታ ሰጥቼ ወጣሁ። ከእኔ ጋር ከመጡት ውስጥ ሥራ ያልሆነላቸው ሁለቱ ወደ ኋላ ደጀን ተልከው፣ እየተመላለሱ ቤተሰባቸውን ያዩ ነበር። እኔን ጉብዝናዬ አሰረኝ። ከዚያ በኋላ ዓመታት ተከታትለው ሄዱ። አንዴ ለዘመቻ፣ አንዴ በመንገድ መዘጋት፣ አንዴ ያለ ምንም ምክንያት፣ ፈቃድ የለም ሲባል ሰማሁ።

እቤት የሆነውን በኋላ ያጫወቱኝ ጋሼ ሽኩር ናቸው። ሸራው በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ተቀደደ። ውሃው አልጋው ሥር ገባ። ሙሉነሽ በማግስቱ ከሥራ ቀርታ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባችና በእግሯ ታቦካ ጀመር። ጋሼ ሽኩር አይተው ዝም ማለት አልሆነላቸውም፤ ከአትክልት ተራ ሁለት ተሸካሚዎች ይዘው መጡ። እሷ ስትመርግ፣ እነሱ ሲያቀብሉ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ከነጠመንጃ ያዡ ደረሰ።

«ጓዲት፣ ያለ ቀበሌው ፈቃድ ግንባታ ክልክል መሆኑን አታውቂም?»

እሷም ጭቃው ውስጥ እንደቆመች፣ «ግንባታ አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ባሌ እናት አገርን ሊያቆም ሄዷል። እስኪመለስ እኔ ይቺን ግድግዳ ላቁም ብዬ ነው» አለችው።

ጠመንጃ ያዡ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሊቀመንበሩ ዙሪያውን አየ፣ ሰፈሩ ሁሉ በየበሩ ቆሟል። «ቶሎ ጨርሱ» ብሎ ሄደ። ጋሼ ሽኩር ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ፤ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ውሃ የገባበት አልጋ ነው የታየኝ።

ሁለተኛው ፈቃድ ሲመጣ ሰናይት ትምህርት ቤት ገብታ ነበር። በሩን አንኳኳሁ። ሁለት ጉንጉን የተሠራች ልጅ ከፈተችልኝ።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

«እናትሽን።»

«ሥራ ናት። ይግቡና ይጠብቋት።»

በርጩማ ሰጠችኝ። ውሃ አመጣችልኝ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳትም። ተቀምጬ ግድግዳውን አየሁ። ቀጥ ብሏል። መሀሉ ላይ እኔ ያላሰብኩት መስኮት ወጥቶለታል። የደብተር ማስቀመጫ ጣውላ ተመትቶለታል። ውሃውን በርጩማው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጬ ጠጣሁ።

ሙሉነሽ ስትገባ የያዘችው ዘንቢል ከእጇ ወደቀ። ካቀፈችኝ በኋላ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሰናይት፣ አባትሽ እኮ ነው!»

ልጅቷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየች፣ እኔን አየች። «ፎቶው ላይ ያሉት ወፍራም ናቸው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳውን መታ መታ እያደረግሁ ስዞር ማዕዘኑ ላይ ስንጥቅ አገኘሁ። አካፋ አንስቼ ጭድ መፈለግ ስጀምር ሙሉነሽ ከቤት ወጣች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«አትንካው። ቤቱን እኔ ጨርሼዋለሁ። አንተ ያልጀመርከው ልጅቷን ነው።»

አካፋውን አስቀመጥኩ። ያን ፈቃድ ከሰናይት ጋር ዋልኩ። ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ፣ እመልሳታለሁ። ፒያሳ ኬክ ቤት ወስጃት ኬካችንን በልተን ወጣን። ከእናቷ ጋር ስትሆን እንደ ወፍ የምትንጫጫው ልጅ ከእኔ ጋር «እሺ» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ ነው የምትለው። ደክሞኝ ነበር። ፖምፓ ቢበላሽ ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ፤ ልጅ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ወደ ጊዮርጊስ በሚወጣው ዳገት ዳር አረፍ አልን። የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል። «አሁን ማርቻ ይቀይራል» አልኳት፤ ቀየረ። «እንዴት አወቁ?» አለችኝ። «ድምፁን ስሚ። ሲጨንቀው እንደ ሰው ይወፍራል።» ሌላ መጣ፣ ሌላ መጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳንቀመጥበት አናልፍም። ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ሙሉነሽ ከሥራ ስትመለስ እዚያው አገኘችን። አንድ አውቶቡስ ዳገቱን ተያይዞታል። ሰናይት ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ጮኸች፦

«አንተ! ሰማህ? አሁን! ቀየረ!»

ሙሉነሽ አየችኝ። ሰናይት ግን ያለችውን እንኳ ልብ አላለችም፤ ዓይኗ አውቶቡሱ ላይ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ፈቃድ አላየሁም። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን መፍቻዎቼን ሳይቀር ጥዬ፣ ብዙውን መንገድ በእግሬ ነው የመጣሁት። ሻምበሉ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ከሌሎች የቀድሞ ወታደሮች ጋር ተመዝግቤ፣ ካምፕ ቆይቼ ተለቀቅሁ። ከዚያ የግል ጋራዥ ተቀጥሬ፣ ዓይኔ ቅርብ ማየት እስኪያቅተው ፖምፓ ስፈታና ስገጥም ኖርኩ።

ስመለስ ሰናይት ልጅ አልነበረችም። ቁመቷ ከእናቷ እኩል ሆኗል። አሁን ራሷ እናት ናት። አንተ ትለኛለች፣ ትጠይቀኛለች፣ ስታመም ሐኪም ቤት ይዛኝ ትሄዳለች። የልቧን የምታማክረው ግን እናቷን ነው። አልቀየማትም።

በዚህ በወታደርነት ሙያ ላላችሁና ገና ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ፈቃድ አጭር ነው። ቤት ስትደርሱ ግድግዳ አትጀምሩ፤ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ። ግድግዳ ሌላ ሰውም ያቆመዋል።