ጥንጓ ስታልፈኝ

ዘንድሮ የገና ዕለት ከሉማሜ ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ዳር ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ ወጣቶቹ ከነወንበሬ ሊያነሱኝ ምንም አልቀራቸውም። «ጋሼ፣ ጥንጓ እንዳትመታዎ፣ ወዲያ ፈቀቅ ይበሉ» አሉኝ። ፈቀቅ አልኩ። ከዚያ ሆኖ ደግሞ ጨዋታው በደንብ አይታይም። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ተመልሼ ለመጠጋት ሰነፍኩ።

ልጅ ሳለሁ በእኛ መንደር፣ በሉማሜ አካባቢ፣ ገናን የሚያህል ጨዋታ አልነበረም። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘን፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ተከፍለን፣ ከእንጨት የተድቦለቦለችውን ጥንግ ስንለጋ እንውላለን። ከዚያ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄድኩና ያን ዱላ ሳልጨብጥ ስንት ዓመት አለፈ።

የተመለስኩት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው፤ ሉማሜ በአስተማሪነት ተመድቤ። ልቅር ወይስ ዝውውር ልጠይቅ እያልኩ ስዋልል ገና ደረሰ። ያታከተኝ ሥራው አልነበረም። አብረውኝ ያደጉት ሁሉ መንገድ ይለቁልኛል፤ ጠላ ቤት ስገባ ወሬ ያቋርጣሉ። እናቴ እንኳ እንደ እንግዳ ከላይ ታስቀምጠኝ ጀመር። አገሬ ገብቼ አገር አጣሁ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ውርጩ ገና ሳይለቅ ጾም ፈታን፤ ከሰዓት በኋላ ጤፉ ወደታጨደበት ሜዳ ወረድኩ። ዱላ ሰጡኝ። እጄ ጨርሶ ረስቶታል፤ ስሰነዝር የማገኘው አፈሩን ነው። የባሰው ግን ጥንጓ ወደ እኔ ስትመጣ ሁሉም ቆም ማለታቸው ነበር። «ይምቱ፣ መምህር፣ ይምቱ!» ይሉኛል። ብስትም ይጠብቁኛል። በገና ጨዋታ የቄስ ቅልጥም እንኳ አይማርም፤ የተሸነፈ ወገን ሽማግሌ ሳይቀር በግጥም ሲሰደብ ያመሻል፤ የሚቆጣም የለም። እኔን ብቻ ማሩኝ። በቃኝ፣ ነገ ዝውውሩን እጠይቃለሁ ብዬ ዱላውን ልጥል ስል፣ የልጅነት ጓደኛዬ ሙሉቀን ከታች ቤቶች ወገን ተወርውሮ ጥንጓን ከፊቴ ለጋት። ዱላው ቅልጥሜን አገኘው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ሙሉቀን ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«አያሌው መጣልን ፊደሉን ለቅሞ፣
ጥንጓ ስታልፈው ያያታል ቆሞ!»

አለ። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሜዳው በሙሉ።

«ተነስ እንጂ! ማን እንዲያነሳህ ነው?» አለኝ ሙሉቀን።

እንባዬ መጣ። ሕመሙ ነው አልኳቸው፤ ደስታ ነበር። እስኪመሽ ስስት ዋልኩ፣ እኛ ላይ ቤቶች ተሸነፍን፣ እኔን ያልሰደበ አልነበረም። እያነከስኩ ቤቴ ገባሁ። ዝውውሩንም ሳልጠይቅ ዕድሜዬ እዚሁ አለቀ።

ሙሉቀንን ባለፈው ክረምት በዝናብ ቀበርነው። አሁን ሰው ሁሉ ያከብረኛል፤ በታክሲ ወንበር ይለቁልኛል፣ በለቅሶ ቤት ከፊት ያስቀምጡኛል። ልጆቹ ደጎች ናቸው፣ አልቀየምኳቸውም። ግን ደክሞኛል። ስሜን ጠርቶ የሚስቅብኝ ሰው በዚህ አገር አልቀረም።