ፈጣኑን የመረጥኩ ቀን

ትናንት በምሠራበት የልብስ ፋብሪካ መብራት ጠፋ። የስፌት መኪኖቹ ባንድ ጊዜ ዝም ሲሉ ጓደኞቼ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ግን አንድ ያለቀ ባትሪ አስባለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ክረምቱ እየወጣ፣ በየበሩ በለስ ይላጥ ነበር። ተፈናቃዮች ባረፉበት ትምህርት ቤት ስም እጽፋለሁ፤ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ብማርም ጽሕፈቴ ይነበባል። ከደብረ ብርሃን የመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዳዊት፣ የጻፍኩትን መዳፍ በምታክል ኮምፒውተር ያስገባል። በመኪና ባትሪ ነበር የምትሠራው። ማን ማንን እንደሚፈልግ፣ ወዴት እንደሄደ እዚያ ይቀመጣል።

መጀመሪያ የጫነው ዳታቤዝ፣ ስሞቹን የሚይዘው ፕሮግራም፣ ለትልቅ ማሽን የተሠራ ስለነበር ኮምፒውተሯ እየጋለች ትቆም ጀመር።

«የግመል ጭነት አህያ ላይ ጭኜ!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ሁለት ቀላል ዳታቤዞች ሞከረ። አንዱ እያንዳንዱን ስም ወዲያው የኮምፒውተሯ ማስታወሻ ካርድ ላይ ይጽፋል፤ ግን ይዘገያል። ሌላው ፈጣን ነው፤ ስሞቹን ይዞ ይቆይና ማምሻውን ባንድ ጊዜ ይጽፋል፤ ከዚያ በፊት ኃይል ከተቋረጠ ግን የያዘው ሁሉ ይጠፋል።

«ለታይ፣ የቱ ይሻላል? ባትሪው እስከ ማታ ይቆያል አይደል?»

ባትሪውን ተሸክሜ የማስሞላው እኔ ነበርኩ። ከቀትር በኋላ እንደሚደክም አውቃለሁ። ግን የተማረ ሰው ለማረም አፈርኩ፤ ሰልፉም ረጅም ነበር።

«ፈጣኑ» አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

«እሰይ! ዛሬስ ድምፅሽን ሰማን!»

በዚያው ጠዋት አደይ ለተብርሃን የሚባሉ እናት የሚፈልጉትን ልጃቸውን ኪዳነን አስመዘገቡ፤ ራሳቸው የሚሄዱበትንም መንደር ነገሩኝ። ስሙ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ወረቀት ለከሰል ማቀጣጠያ ለእናቶች እንሰጥ ነበር።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ስሜ ገባ?»

«ገብቷል፣ አደይ።»

«በይ ወረቀቷን ስጪኝ፤ ለመንገዴ ቆሎ ልቁላ።»

ሰጠኋቸው። ከቆሎው አንድ እፍኝ አቀበሉኝና መኪና ተሳፈሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባትሪው አለቀ። ተሞልቶ ሲመጣ የጠዋቱ ስም አንድም የለም። የቀሩትን እንደገና መዘገብን፤ እሳቸው ግን ሄደዋል።

በሳምንቱ አንድ ቀጭን ወጣት መጣ።

«ኪዳነ እባላለሁ። እናቴን፣ ለተብርሃንን፣ አይተሻታል?»

«አይቻቸዋለሁ።»

ፊቱ በራ። «ወዴት ሄደች?»

ወደ ዳዊት ዞርኩ፤ እሱም ስማቸውን ኮምፒውተሯ ላይ ፈልጎ አጣው።

ትናንት መብራቱ ተመልሶ መኪኖቹ ጮኹ፤ ሁሉም ወደ ሥራው ዞረ። ያ ልጅ እናቱን አግኝቶ ይሆን? አላውቅም። ወረቀቱን ከእጄ የተቀበሉት የእናቱ ጣቶች፣ የቆሎው ሙቀት በመዳፌ፣ ሁሉም ትዝ ይለኛል። የመንደሩ ስም ብቻ አይመጣልኝም። በገዛ እጄ ጽፌው ነበር።