«ኦቨር ዘ ዎተር»

በሰው አገር፣ አዲሰን በምትባል ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ረዳት ነርስ ሆኜ በገባሁ ቀን ሥራውን ያሳየኝ ዳዊት ነበር። ዋይሊ ከምትባል ጎረቤት ከተማ የሚመላለስ፣ የእንግሊዝ ኳስ ከተነሳ ሌላውን ሁሉ የሚረሳ ሰው ነው። የቁርስ ጋሪውን እየገፋ አንድ በር ላይ ቆመ።

«ሰብልዬ፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቂ። ሚስተር ቶማስ እንግሊዛዊ ናቸው፣ የሊቨርፑል ሰው። መዋጥ ያስቸግራቸዋል፤ ቀጭን ነገር ሳንባቸው ይገባል። ማወፈሪያ ዱቄት ሳትጨምሪ ጠብታም እንዳትሰጪ። እሳቸው ደግሞ ነገራቸው ሁሉ ውሃ፣ ውሃ ነው።»

ከዚያ ወደ ውስጥ፣ «ጉድ ሞርኒንግ፣ ሊቨርፑል!» አለ።

አዛውንቱ ቀና ብለው፣ «ኦቨር ዘ ዎተር» አሉ።

«ኖ ዎተር፣ ፓፓ!»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቁርሳቸው ሳይነካ ተመለሰ።

እንዲህ ሰነበትን። ልብሳቸው እየሰፋባቸው ሄደ። አለቃችን ነርሷ፣ «በዚህ ከቀጠሉ በሆዳቸው የምግብ ቱቦ ይገባል። ሐሙስ ዶክተሩ ይወስናል» አለችን።

እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ ነው፤ ያልገባኝን ቃል አላልፍም። ውሃ የጠማው ሰው «ኦቨር» ምን ያደርግለታል? ረቡዕ ጠዋት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ጠየቅኋቸው።

 ብርድ ልብሱ ላይ በጣታቸው መስመር አሰመሩ።

«ይሄ ወንዙ ነው፤ ባሕር ሊገባ ሲል ይሰፋል። ሊቨርፑል እዚያ ናት። የእኔ ከተማ በርከንሄድ እዚህ። በጀልባ ነው የምንሻገረው። ያ ሰውዬ በየማለዳው ሊቨርፑል ይለኛል፤ ‹ኦቨር ዘ ዎተር›፣ ከውሃው ማዶ ነኝ እለዋለሁ፤ ውሃ የለም ይለኛል!»

«ማለቴ... ውሃ አልጠየቁም?»

«ማን ውሃ ጠየቀሽ? እኔ ሻይ ነው የምፈልገው።»

ሻዩን አወፍሬ አመጣሁ። «ይሄ ሙጫ ነው» እያሉ ጨረሱት። ገንፎውንም በሉ።

ዳዊትን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። «ከማዶ ነኝ ነው የሚሉት» አልኩት።

«ወይኔ! እኔ እኮ ደስ እንዲላቸው ብዬ ነበር!»

ገባና፣ «ጉድ ሞርኒንግ፣ በርከንሄድ!» አለ።

«አሁን ገና!» አሉ ሚስተር ቶማስ።

ሐሙስ ዶክተሩ እየበሉ መሆኑን አይቶ የቱቦውን ነገር ተወው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ለአዲስ ረዳቶች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ታማሚ አንድ ነገር ከደጋገመ፣ ከመከልከላችሁ በፊት ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት።